የዌብሳይት ትራፊክ ቁጥሮች፦ ምን ይቆጥራሉ?

የዌብሳይት ትራፊክ ማለት ወደ አንድ ዌብሳይት ገብቶ የሚወጣው እንግዳ ብዛትና እንቅስቃሴ ነው። ይህን የመቁጠሩ ሥራ ዌብ አናሊቲክስ ይባላል። ጅማ ላይ ሆኖ ቡና ወይም በርጩማ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው “ስንት ሰው ገባ?” ብሎ ነው። መልሱ እንደሚቆጠረው ነገር ይለያያል።

ብዙ ሰው የሚያሳስተው ሂት ነው። ሂት ከሰርቨሩ (ዌብሳይቱ ከተቀመጠበት ኮምፒውተር) የተጠየቀውን ፋይል ሁሉ ይቆጥራል። 20 የበርጩማ ፎቶ ያለበት ገጽ አንዴ ሲከፈት ቢያንስ 21 ሂት ይመዘገባል፦ ገጹ ራሱና ፎቶዎቹ። ስለዚህ “100 ሺህ ሂት አለን” ሲሏችሁ አትደነቁ። ከሱ የገጽ እይታ፣ ማለትም ገጹ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ የሚያሳየው ቁጥር፣ ይሻላል።

ሴሽን የአንድ ጉብኝት ቆይታ ነው። ጎግል አናሊቲክስ በሚባለው የጎግል መቁጠሪያ 30 ደቂቃ ምንም እንቅስቃሴ ከሌለ ሴሽኑ ይዘጋል። መብራት ሄዶ ከ40 ደቂቃ በኋላ ቢመጣና ያው ሰው ተመልሶ ቢገባ፣ ሁለት ሴሽን ይሆናል።

ዩዘር ሲባል ደግሞ ሰው ይመስለናል። መቁጠሪያው ግን በአብዛኛው የሚያውቀው ብራውዘሩን (እንደ ክሮም ያለውን የዌብሳይት መክፈቻ) ነው፤ በኩኪ፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ በሚቀመጥ ትንሽ ፋይል፣ ይለየዋል። በስልኩም በቢሮው ኮምፒውተርም የገባ ሰው ሁለት ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ኢንተርኔት ቤት በአንድ ኮምፒውተር የተፈራረቁ አምስት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሊባሉ ይችላሉ።

የከተማው ቁጥር ይበልጥ ያሳስበኛል። ቦታው የሚገመተው በአይፒ አድራሻ (የኢንተርኔት ግንኙነቱ በሚለይበት ቁጥር) ነው። በሞባይል ዳታ የገባ የጅማ ደንበኛ አዲስ አበባ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ሪፖርቱን ብቻ አይቶ “ያገሬ ሰው አይገዛኝም” ብሎ ተስፋ መቁረጥ ያሳዝናል። ያዘዘውን ሰው ከየት እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል።

ባውንስ ሬት፣ ማለትም ገብተው ምንም ሳያደርጉ እንደወጡ የሚቆጠሩት ጉብኝቶች ድርሻ፣ ትርጉሙ ተቀይሯል። በድሮው ጎግል አናሊቲክስ አንድ ገጽ ብቻ አይቶ የወጣ ሰው ባውንስ ይባል ነበር፤ ስልክ ቁጥሩን ወስዶ፣ ደውሎ ቡና ያዘዘው ሳይቀር። ያ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ቀረ። አሁን ከ10 ሰከንድ በላይ የቆየ፣ ሁለት ገጽ ያየ ወይም ባለቤቱ ቁልፍ ብሎ የሰየመውን ድርጊት የፈጸመ ጉብኝት ከባውንስ ውጭ ነው። ለትንሽ ሻጭ ይሄኛው በጣም ይሻላል ባይ ነኝ።

እኔ የጅማ ቡና ነጋዴ ብሆን ከሁሉ በፊት የማየው ስልክ ቁጥሩን ስንት ሰው እንደነካው ነው። ይህ ቁጥር ግን ዝም ብሎ አይመጣም። ስልክ ቁጥሩ ሲነካ እንዲመዘገብ ቀድሞ ማስተካከል፣ ከዚያም በቁልፍ ድርጊትነት መሰየም ያስፈልጋል።