የሰብል ክምርን በሸራ መሸፈን በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ የታጨደ ሰብል ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት በክምር ይቆያል። በዚህ ጊዜ ክምሩን ከዝናብ፣ ከጠልና ከነፋስ ለመጠበቅ በሸራ ወይም በላስቲክ መሸፈን የተለመደ ሥራ ነው። ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም ብዙ ተጽፏል፤ ሰብሉ ከማሳ ወጥቶ ጎተራ እስኪደርስ ስላለው ጊዜ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የዓመት ልፋት በአንድ ሌሊት ዝናብ የሚበላሸው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ነው።

የመኸር ሰብል በአብዛኛው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ይሰበሰባል። ወቅቱ በጋ ነውና ሸራው ለክፉ ቀን የሚጠበቅ መጠባበቂያ ነው። በመንዝ፣ በጣርማ በርና በአንኮበር ደጋዎች የሚመረተው የበልግ ገብስ ነገር ግን ሌላ ነው። የበልጉ አጨዳ ከክረምቱ መግቢያ ጋር ስለሚገጣጠም ነዶው ገና ሳይደርቅ ዝናቡ ይመጣል፤ ስለዚህ በበልግ አምራች ቀበሌዎች መሸፈኛ የሌለው ክምር አይታሰብም።

ሸራ ከመምጣቱ በፊት ክምር የሚከደነው በሣርና በጭድ ነበር። መንዞች ከጓሳ ሣር ቤታቸውን ሲከድኑ፣ ገመድ ሲገምዱ፣ ከዝናብ የሚከለሉበትን ገሳ ሲሠሩ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው፤ ውሃን በሣር መመለስ ለእነርሱ አዲስ ጥበብ አይደለም።

የአከማመር ጥበብ

ሸራ የሚጠቅመው ክምሩ በወጉ ከተሠራ ብቻ ነው። በሞረትና ጅሩ፣ በሲያደብርና ዋዩ እንዲሁም በምንጃር ሸንኮራ ክምሩን የሚያቆመው ሰው በእጁ ጥራት ተመርጦ ነው። መሠረቱ ውሃ በማይቋጥር ከፍ ያለ ቦታ ላይ በድንጋይና በእንጨት ይነጠፋል፤ ዙሪያውን ቦይ ይወጣል። ይህ በተለይ በጅሩ የግድ ነው፤ አፈሩ ዋልካ፣ ማለትም ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ስለሆነ ውሃ ይዞ ይቆያል፣ የክምሩም የታችኛው ነዶ ከላይ ሳይሆን ከሥር ይበሰብሳል። በዚያው በሞረትና ጅሩ የሚገኘው የእነዋሪ ከተማ አካባቢ ገበሬ የዋልካን ውሃ ለማጠንፈፍ በማሳው ላይ በእጁ መደብና ቦይ የሚያወጣ ብርቱ ገበሬ ነው። ይህን ልማድ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ዋልካ አፈር የተደረጉ ጥናቶች በዝርዝር መዝግበውታል፤ በበሬ ለሚጎተተው መደብ ማውጫ መሣሪያም አርአያ ሆኗል። በክምሩ ዙሪያ የሚወጣውም ቦይ የዚያው እውቀት ቅጥያ ነው።

ነዶው ሲደረደር ራሱ ወደ ውስጥ፣ እግሩ ወደ ውጭ ይሆናል። መካከሉ ሁልጊዜ ከዳሩ ከፍ እንዲል ይደረጋል፤ የነዶው እግር ወደ ታች ዘንበል ሲል ውሃው ወደ ፍሬው ሳይሆን ወደ ውጭ ይፈሳል። አናቱ ሾጠጥ ካላለ ሸራው ላይ ውሃ ይቋጠርና በክብደቱ ጨርቁን ቀድዶ ይገባል።

ሸራው

ገበያ ላይ የሚገኘው ዳሩ ላይ የገመድ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ሸራ ነው። አቅም ያነሰው የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሮ ይሰፋል፤ ያገለገለ የጭነት መኪና ሸራ ያገኘም ዕድለኛ ነው። ትልቁ ስህተት ክምሩን ከአናት እስከ መሬት ጠቅልሎ ማፈን ነው። ያልደረቀ ነዶ ይተነፍሳል፣ ይሞቃልም፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ በደጋው ውርጭ የሚጥልበት ነው። ከውስጥ የሚወጣው እርጥበት ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ወደ ውሃነት ተለውጦ ተመልሶ ነዶው ላይ ይንጠባጠባል። ስለዚህ ሸራው አናቱንና ትከሻውን ሸፍኖ ጎኑን ለነፋስ መተው አለበት፤ ፀሐይ በወጣ ቁጥርም ይገለጣል። እህል ለክምችት የሚመቸው እርጥበቱ ወደ 12 ወይም 13 በመቶ ሲወርድ መሆኑን ማስታወስ ይበጃል።

እርጥበት የገባው ስንዴ በነዶው ላይ ይበቅላል፤ ዱቄቱም አይነሣም። ለቢራ የሚቀርብ ገብስ አስቀድሞ ከበቀለ ብቅል ሊሆን ስለማይችል ገዢ አይቀበለውም። የምንጃር ነጭ ጤፍ ከጠቆረ ነጭነቱ ያስገኝለት የነበረው ዋጋ ይቀራል።

ነፋሱ ከዝናቡ አያንስም፤ የጣርማ በርን ነፋስ የሚያውቅ ያውቀዋል። ገመድ በቀዳዳው ብቻ ከታሰረ ቀዳዳው ይተረተራል። የሚሻለው ገመዱን በሸራው ላይ ከወዲህ ወዲያ አሻግሮ ጫፉ ላይ ድንጋይ የሞላ ከረጢት ማንጠልጠል ነው፤ ክብደቱ ክምሩ ሲሟሽሽም ገመዱን ወጥሮ ይይዘዋል። የሚርገበገብ ሸራ ብዙ አይቆይም።

ጭድ ይሻላል ወይስ ፕላስቲክ በሚለው አሳብ አንድ አይደለም። ጭድ እንደሚተነፍስ የሚናገሩት እውነት አላቸው፤ ሆኖም ለረጅም ዝናብ ብቻውን የሚበቃ አይመስልም። ጭድ ከሥር፣ ሸራ ከላይ ማድረግ የተሻለ ይመስላል።

በ2012 ዓ.ም. መኸር የሕንድ ውቅያኖስ ሙቀት ሚዛን በመዛባቱ ምሥራቅ አፍሪካን ወቅቱን ያልጠበቀ ከባድ ዝናብ መትቶ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ሸራ ከመጠባበቂያነት ወደ ዋና የእርሻ ዕቃነት ይለወጣል።

ኮምባይነር በገባባቸው ሜዳማ ቀበሌዎች ክምር እየቀረ ነው፤ ሸራው ግን እህል ማስጫ ሆኗል። ጤፍ በሚወቃበት አውድማም ተነጥፎ ደቃቁ ፍሬ ከአፈርና ከጠጠር እንዳይቀላቀል ይጠብቃል። ፕላስቲክን የሚጨርሰው የደጋው ብርቱ ፀሐይ ስለሆነ ሸራው ውቂያው እንዳለቀ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆና ተጠቅልሎ አይጥ ከማይደርስበት ጥላ ይቀመጣል።