ፍሬት አልባ ቤዝ ጊታር በአነስተኛ ዋጋ፦ ስለ አንገቱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፍሬት አልባ ቤዝ (በአንገቱ ላይ የኖታዎችን ቦታ የሚለዩት ቀጫጭን ብረቶች፣ ማለትም ፍሬቶች፣ የሌሉት ቤዝ ጊታር) የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይረው ክፍል)፣ ስለ ቀለሙና ስለ አምራቹ ስም ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንገቱን ይመርምሩ እላለሁ። ፒክአፕ ይቀየራል፣ የተቆረጠ ሽቦ ይበየዳል፤ የተበላሸ አንገትን ማቃናት ግን ከርካሽ ጊታር ሙሉ ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። ገዢዎችን የሚያሳስቱት አባባሎችም በአብዛኛው አንገቱን የሚመለከቱ ናቸው።

«ፍሬት ከሌለው አንገቱ ትንሽ ቢጎብጥም ችግር የለም፤ መሲንቆም እኮ ፍሬት የለውም»

የመሲንቆ ተጫዋች ጭራውን በጣቱ ይነካዋል እንጂ እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም፤ ስለዚህ የአንገቱ ቅርፅ ያን ያህል አያስጨንቀውም። በቤዝ ጊታር ግን ጣት ክሩን ከጣት ሰሌዳው (ከአንገቱ የፊት ገጽ) ጋር ያገናኘዋል፤ የፍሬቱን ሥራ የሚሠራው እንጨቱ ራሱ ነው። ከጣቱ ፊት ለፊት እብጠት ካለ ክሩ ይመታዋል፤ ጉድጓድ ካለ ድምፁ ይደፈናል። ፍሬት ያለው ቤዝ የሚችለውን ጉብጠት ፍሬት አልባው አይችለውም።

«ትረስ ሮድ እስካለው ድረስ የማይስተካከል አንገት የለም»

ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍለው ስህተት ይህ ነው። ትረስ ሮድ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረ የብረት ዘንግ ነው። አራቱ ክሮች፣ የተለመደ ውፍረት ካላቸው፣ አንገቱን ከ70 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል ይስቡታል፤ ዘንጉ ይህን ስበት ይመክታል። ማስተካከል የሚችለውም በአንገቱ ርዝመት ላይ የሚታየውን ጉብጠት ብቻ ነው። ሁለት ጉዳቶች ከአቅሙ ውጭ ናቸው። አንደኛው አንገቱ በራሱ ላይ ሲጠማዘዝ ነው፤ ከብሪጁ (ክሮቹ በአካሉ ላይ ከሚያርፉበት ክፍል) በኩል ሆነው በአንገቱ ላይ አሻግረው ሲያዩ የግራና የቀኝ ጠርዞቹ እኩል አይሄዱም። ሁለተኛው አንገቱ ከአካሉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የጣት ሰሌዳው ጫፍ ወደ ላይ ሲነሳ ነው። ለተጠማዘዘ አንገት ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን ገንዘብ አይክፈሉ። የተነሳው ጫፍ ግን በፍሬት አልባ ላይ ይቀላል፤ የሚነቀልና እንደገና የሚገጠም ፍሬት ስለሌለ ጠጋኙ እንጨቱን ፍቆ ያስተካክለዋል።

ሱቅ ውስጥ መሣሪያ ሳይዙም መመርመር ይቻላል። የተወጠረ ክር ቀጥ ያለ ማስመሪያ ነው። ወፍራሙን ክር በአንገቱ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ተጭነው መካከሉን ይመልከቱ። ክፍተቱ ከቢዝነስ ካርድ ውፍረት ያነሰ፣ ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ሻጩን አስፈቅደው የዘንጉን ብሎን በመጀመሪያ ትንሽ ያላሉ፤ ቀጥሎ ሩብ ዙር ያጥብቁ። ብሎኑ የማይንቀሳቀስ፣ የተላጠ ወይም መጨረሻው ላይ የደረሰ ከሆነ ጊታሩን መልሰው ይስጡ።

«ፍሬቱ የተነቀለለት ጊታር ፋብሪካ ከሠራው ፍሬት አልባ አይለይም»

በጥንቃቄ ከተሠራ እውነት ነው፤ በገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት ግን ብዙ ጊዜ በችኮላ የተነቀሉ ናቸው። የፍሬቱ ሥር በእንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተቀርቅሮ አንገቱን ያጠነክራል። ተነቅሎ ስንጥቁ ባዶ ሲቀር ወይም በለስላሳ ማጣበቂያ ብቻ ሲሞላ አንገቱ በክሮቹ ስበት በቀላሉ ይጎብጣል። ትክክለኛው አሠራር ልክ ስንጥቁን የሚያህል ስስ እንጨት አስገብቶ ማጣበቅና መላውን ሰሌዳ ማስተካከል ነው። ጥፍርዎን ፍሬቶቹ በነበሩባቸው መስመሮች ላይ ያሂዱ፤ ከያዘው ወይም የተቦጨቀ ጠርዝ ካለ ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው። ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበትን ነት የሚባለውን ቁራጭም ይመልከቱ። ለፍሬት በተሠራው ከፍታ ላይ ከቀረ የመጀመሪያዎቹን ኖታዎች መጫን ጣት ያደክማል። ይህ ግን አንገቱ ስለተበላሸ አይደለም፤ ጠጋኝ በአጭር ጊዜ ያወርደዋል።

«ኢፖክሲ ከተቀባ አንገቱ ከዚያ በኋላ አይበላሽም»

ይህ እምነት ከታዋቂው የፍሬት አልባ ቤዝ ተጫዋች ከጃኮ ፓስቶሪየስ ዝና ጋር የተያያዘ ነው። ጃኮ የ1962 ፌንደር ጃዝ ቤዙን ጣት ሰሌዳ ለጀልባ በሚያገለግል ኢፖክሲ (ደርቆ በሚጠነክር ሙጫ) መሸፈኑ ይታወቃል። ሽፋኑ እንጨቱን ሸካራ ክሮች እንዳይቦረቡሩት ይከላከላል፤ ድምፁንም ያደምቃል። ጎባጣ አንገትን ግን አያቃናም፤ በጎባጣ ላይ የተቀባ ኢፖክሲ ጉብጠቱን ይዞ ይደርቃል። ያልተሸፈነ የሮዝውድ እንጨት ሰሌዳ ካጋጠመዎት ለስላሳ ክር ይግጠሙለት።

«መስመሩ ላይ ብጫንም ኖታው ይዛባል፤ ስለዚህ አንገቱ ጠማማ ነው»

በፍሬት ቤዝ የለመደ ሰው ጣቱን ከፍሬቱ ኋላ ያሳርፋል። በፍሬት አልባ የጣቱ መሐል መስመሩ ላይ በትክክል ማረፍ አለበት፤ ወደ ኋላ ካለ ኖታው ዝቅ ይላል። ይህን ሳያጣሩ አንገቱን አይውቀሱ። በቀጭኑ ክር ላይ በአምስተኛውና በሰባተኛው መስመር መካከል አንድ ኖታ ቶሎ መሞቱም የጠማማነት ምልክት አይደለም፤ ከእንጨቱ ንዝረት የሚመጣ ነው፣ በውድ ቤዞችም ላይ ይሰማል።

«አዲስ ከሆነ ቀጥ ያለ ነው»

እንጨት እርጥበት ይወስዳል፣ ይለቃልም። እርጥብ አየር ካለው የባሕር ዳርቻ አገር ወደ አዲስ አበባ በበጋ የመጣ ጊታር ደረቁ አየር ውስጥ ቅርፁን ሊቀይር ይችላል። ክሮቹን በትክክለኛው ቅኝት ወጥረው ለጥቂት ቀናት ያቆዩት፤ ትረስ ሮዱን የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ ሲያዙ መመለስ የሚፈቅድ ሻጭ ይምረጡ፤ አንገቱ ከአካሉ ጋር በብሎን የታሰረ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ብሪጁ እስከ ታች ወርዶም ክሮቹ ከፍ ያሉ እንደሆነ በመጋጠሚያው ላይ ስስ ንጣፍ ማስገባት ይቻላል፤ አንገቱ ጨርሶ ቢበላሽም የመጋጠሚያው ስፋትና የክሩ ርዝመት የሚገጥም ሌላ አንገት ይታሰርለታል።