ስለ ቻይና ባህላዊ ኦፔራ ትምህርት ቤቶች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ቻይና ባህላዊ ኦፔራ ትምህርት ቤቶች የምናውቀው ነገር ካለ፣ አብዛኛው የደረሰን በአንድ ሰው በኩል ነው። ጃኪ ቻን በልጅነቱ በሆንግ ኮንግ፣ ዩ ጂም ዩን የተባሉ መምህር ያስተዳድሩት በነበረ የቤጂንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት ለ10 ዓመታት ያህል መኖሩን፣ ሳሞ ሁንግና ዩን ቢያዎም እዚያው ማደጋቸውን፣ የመምህሩም ዱላ ቀላል አለመሆኑን የፊልሞቹ ወዳጆች ሁሉ ሰምተናል። ታሪኩ እውነት ነው። ስሕተቱ የሚመጣው በ1960ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ከተማ የነበረ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሙያው ሁሉ መልክ ተደርጎ ሲወሰድ ነው።

«ትምህርቱ ኩንግ ፉና አክሮባት ነው»

ልጆች ገና በማለዳ እግራቸውን ከፍ ባለ አግዳሚ ላይ አሳርፈው ሲለጥጡ፣ ወገባቸውን ወደ ኋላ ሲያጥፉ፣ ግድግዳ ተደግፈው በእጃቸው ሲቆሙና ምንጣፍ ላይ ሲገለባበጡ ያየ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ይሁንና ባለሙያዎቹ የተዋናይን ችሎታ በአራት ይከፍሉታል፤ መዝፈን፣ በዜማ መናገር፣ በእንቅስቃሴ መተወን እና መፋለም። ሲዘረዘሩም ዘፈን ሁልጊዜ ፊተኛው፣ ፍልሚያ ደግሞ የመጨረሻው ነው።

የአካል ልምምዱ ይህን ያህል ጊዜ የሚወስድበትን ምክንያት ለመረዳት መድረኩን ማየት ያስፈልጋል። በባህላዊው አሠራር መድረኩ ላይ የሚቀመጠው በአብዛኛው አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ብቻ ነው። በር የለም፤ ነገር ግን ተዋናዩ በባዶ እጁ መወርወሪያውን ስቦ፣ መዝጊያውን ገፍቶ፣ እግሩን አንሥቶ ደፉን ሲሻገር ተመልካቹ በሩን ያያል። ፈረስም የለም፤ ያለው አለንጋ ነው። መድረኩን በክብ መዞር የብዙ ቀን መንገድ መጓዝ ማለት ስለሆነ፣ ተማሪው በአጫጭርና ፈጣን እርምጃ፣ ከወገቡ በላይ ምንም ሳይነቃነቅ መዞርን ለዓመታት ይለማመዳል። በጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች የሚፋለሙበት አንድ ዝነኛ ትዕይንት አለ፤ የመድረኩ መብራት ሙሉ በሙሉ እንደበራ ሁለቱ ተዋንያን እንደማይተያዩ ሆነው እየዳበሱ ይፈላለጋሉ፣ ጎራዴውም ከፊታቸው አጠገብ ሽው ብሎ ያልፋል። እዚህ ላይ የሚፈለገው ችሎታ መምታት ሳይሆን ለጥቂት መሳት ነው። ይህም የሚሠራው በከበሮውና በነሐስ መሣሪያዎቹ ምት ተመርቶ በመሆኑ፣ ተማሪዎች የምቶቹን ቅደም ተከተል በአፋቸው እየጠሩ በቃላቸው ይይዛሉ።

«ያለ ዱላ ጥሩ ተዋናይ አይወጣም»

ይህን አመለካከት ከውጭ ሰዎች ይልቅ አንዳንድ የሙያው አፍቃሪዎች ናቸው በርትተው የሚይዙት። ማስረጃ አድርገው የሚያቀርቡት ብዙውን ጊዜ በ1904 በቤጂንግ ተቋቁሞ በ1948 የተዘጋውን፣ 700 ያህል ተማሪዎችን ያሠለጠነውን ፉሊያንቼንግን ነው። በዚያ ሥርዓት ወላጅ በተለምዶ የ7 ዓመት ውል ይፈርማል፤ ትምህርት ቤቱ ልጁን ያበላዋል፣ ያለብሰዋል፣ ያስተምረዋል፤ ልጁ በመድረክ የሚያስገኘው ገቢ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ይሆናል። በዘመኑ በነበሩ እንዲህ ያሉ ውሎች ላይ ልጁ ቢታመም ወይም አደጋ ቢደርስበት ዕጣ ፈንታው ተደርጎ እንደሚቆጠር ይጻፍ ነበር። አንድ ተማሪ ሲያጠፋ ክፍሉ በሙሉ የሚገረፍበት የቅጣት ዓይነትም የታወቀ ነበር።

ከዚያ ሥርዓት ታላላቅ ተዋንያን መውጣታቸው አይካድም። ነገር ግን ያወጣቸው ዱላው ነው ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። አንደኛ፣ ስማቸው የደረሰን የዘለቁት ብቻ ናቸው፤ የተጎዱትን፣ የሸሹትንና ድምፃቸው የጠፋባቸውን ማንም መዝግቦ ለዝና አላበቃቸውም። ሁለተኛ፣ ፉሊያንቼንግን ከዛሬዎቹ ትምህርት ቤቶች የሚለየው ትልቁ ነገር ሌላ ይመስለኛል። ተማሪዎቹ ቤጂንግ ውስጥ ጓንግሄ በተባለው ቲያትር ቤት፣ ከፍሎ በገባና ስሕተት ሲያይ ዝም በማይል ተመልካች ፊት በተደጋጋሚ ይጫወቱ ነበር። ልጁ ጠዋት የተማረውን ከሰዓት በኋላ በመድረክ ያየዋል። ዛሬ በጥሩ አዳራሽና በጥሩ መምህር የሚማር ልጅ እጅግ የሚጎድለው ይህ ዕድል ነው፤ ዱላውን የሚናፍቁ ሰዎች ይህን ቢናፍቁ ይሻል ነበር።

ከ1949 በኋላ በዋናው ቻይና ሥልጠናው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዛወረ፤ በ1986 የወጣው የግዴታ ትምህርት ሕግም ተማሪን በአካል መቅጣትን ይከለክላል። ይህ ማለት ግን ትምህርቱ ሕመም የለውም ማለት አይደለም። የሚለጠጥ እግር ያማል። ራስን ዙሪያውን ጥብቅ አድርጎ የሚያስረውና የዓይንን ጫፍ ወደ ላይ የሚስበው ማሰሪያ ያልለመደውን ልጅ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ጥሩ መምህር ማሰሪያውን የሚያጠብቀውና ታስሮ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያስረዝመው ቀስ በቀስ ነው። በጭካኔና በትጋት መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው እንዲህ ባሉ ጥቃቅን ነገሮች ነው።

«ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራል»

በመጀመሪያ አንድ ብቻ የሆነ የቻይና ኦፔራ የለም። በ2017 ይፋ የሆነው አገር አቀፍ ቆጠራ 348 ዓይነቶችን መዝግቧል። ዩኔስኮ ኩንቹ የተባለውን የኦፔራ ዓይነት በ2001፣ የካንቶንን ኦፔራ በ2009፣ የቤጂንግን ኦፔራ በ2010 እውቅና የሰጣቸው ለየብቻ ነው፤ የሚዘፈንባቸው ቋንቋና ዜማ ይለያያልና። ልጁ የሚገባው ከእነዚህ ለአንዱ ነው።

ከገባም በኋላ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል። በቤጂንግ ኦፔራ ዋናዎቹ የሚና ዘርፎች አራት ናቸው፤ የወንድ ገጸ ባሕርያት ሼንግ፣ የሴቶቹ ዳን፣ ፊታቸው በደማቅ ቀለም የሚቀባው ጂንግ እና አስቂኙ ቾው። እያንዳንዱም በውስጡ ይከፋፈላል፤ ሽማግሌው፣ ወጣቱ ምሁርና ጦረኛው ሁሉም ሼንግ ሆነው አዘፋፈናቸውም አረማመዳቸውም አይገናኝም። ተማሪው መሠረታዊውን የአካል ልምምድ ከሌሎች ጋር ይማርና መምህራን ቁመቱን፣ የፊቱን ቅርጽና ድምፁን አይተው ወደ አንዱ ዘርፍ ይመድቡታል። ጂንግ ግዙፍ ድምፅና ቀለም የሚሸከም ሰፊ ፊት ይፈልጋል። ልጃቸው ቾው ሲባል ቅር የሚላቸው ወላጆች ካሉ፣ በሙያው ልማድ ከመድረክ በስተጀርባ ፊቱን በመጀመሪያ የመቀባት ክብር የቾው መሆኑን ቢያውቁ ይጽናናሉ። ምደባው በቀላሉ የሚለወጥ አይደለም፤ ሰውየው ዕድሜ ልኩን የሚሠራው በአብዛኛው በዚያው ዘርፍ ነው።

«ተሰጥኦ ያለው ልጅ ገና በሩ ላይ ይለያል»

በሴት ሚና የታወቀው የቤጂንግ ኦፔራ ተዋናይ ሜይ ላንፋንግ በ1894 ከተዋንያን ቤተሰብ ተወለደ፤ በ8 ዓመቱ ገደማ ትምህርት ሲጀምር የመጀመሪያው መምህሩ የዘፈኑን መሥመሮች ቶሎ ባለመያዙ ተስፋ ቆርጦ ትቶት እንደሄደ ራሱ ተርኳል። ዓይኖቹም ቆባቸው የወረደ፣ ቶሎ የማይንቀሳቀሱ ነበሩ፤ የሴት ሚና ለሚጫወት ሰው ደግሞ ዓይን ብዙ ነገር ነው። በኋላ እርግብ እያረባ፣ ከፍ ብለው ሲበሩ በዓይኑ እየተከተለ አሠለጠናቸው። ያ ልጅ በ1930 አሜሪካን፣ በ1935 ሶቪየት ኅብረትን በትወናው አስደንቋል።

ተሰጥኦን አስቀድሞ መለየት የማይቻልበት ሌላም ምክንያት አለ። ወንዶች ልጆች ድምፃቸው የሚጎረንነው በትምህርት ላይ ሳሉ ነው። በ11 ዓመቱ እንደ ደወል ይጮኽ የነበረ ድምፅ በ15 ዓመቱ ይሰበራል፤ አንዳንዱ ከጊዜ በኋላ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ፈጽሞ አይመለስም። በዚያ ጊዜ ልጁን አስገድዶ ማዘፈን ድምፁን ለዘለቄታው ሊያጠፋው ይችላል። ድምፁ ያልተመለሰለት ተማሪ ወደ ፍልሚያ ሚና ወይም ወደ ሙዚቃ መሣሪያ ይዛወራል። ሌላው የሴት ሚና ተዋናይ ቼንግ ያንቺዩ ድምፁ ተለውጦ ሲቀር ግን መምህሩ ዋንግ ያዎቺንግ ለዚያ ደብዘዝ ላለ ድምፅ የሚስማማ፣ እየታፈነና እየተጠማዘዘ የሚወጣ አዘፋፈን እንዲያበጅ ረዱት። የእሱ ስልት ዛሬ በትምህርት ቤቶች ከሚሰጡት ዋና ዋና የሴት ሚና ስልቶች አንዱ ነው፤ በብዛት የሚማሩትም ሴቶች ናቸው።

«ሙያው የወንዶች ነው»

በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሴቶች በቤጂንግ የሕዝብ መድረክ ላይ እንዳይወጡ ይከለከሉ ስለነበር ነው ሜይና ቼንግ የሴት ሚና የያዙት። ክልከላው ከ1912 ወዲህ እየላላ ሄደ፤ በ1930 በዚያው ከተማ ወንዶችንና ሴቶችን አብሮ የሚያስተምር የኦፔራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር በተወለደው የሻዎሺንግ ኦፔራ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ ጀማሪዎቹ ወንዶች ቢሆኑም የመጀመሪያው የልጃገረዶች ክፍል በ1923 ከተከፈተ በኋላ ሴቶቹ መድረኩን ወረሱት፣ ዛሬም የፍቅረኛውን ወጣት ሚና የሚጫወቱት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

«ተማሪው የሚሠራው መቅዳት ብቻ ነው»

ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህ ከእውነት ብዙም አይርቅም። መምህሩ አንድ መሥመር ይዘፍናል፣ ተማሪው ይደግማል፤ መምህሩ የጣቱን አቋም ያሳያል፣ ተማሪው እስኪመስል ድረስ ይሞክራል። ነጠላ ልምምዶች ብቻ ሳይሆኑ ሙሉ ተውኔቶች እንዲህ በአፍና በእጅ ይተላለፋሉ፤ ለጀማሪ የሚመረጡትም መሠረታዊ አረማመድና ዜማ የሞላባቸው ናቸው።

የሚቀዳው ነገር ግን ራሱ በየትውልዱ ሲፈጠር የኖረ ነው። ሜይ፣ ቼንግ፣ ሻንግ ሺያዎዩን እና ሹን ሁዪሼንግ አራቱ ታላላቅ የሴት ሚና ተዋንያን ሲባሉ፣ ከአንድ ባህል ወጥተው አንዱ ከሌላው በጆሮ ብቻ የሚለይ አዘፋፈን ነበራቸው። በእኔ እይታ አደጋው ያለው ቅጂው ከሰው ሳይሆን ከተቀረጸ ድምፅ ሲሆን ነው፤ ቀረጻው አንድን ታላቅ ተዋናይ በእርጅናው ከያዘው፣ ተማሪው የትንፋሹን ማጠርም እንደ ስልት ይማረዋል። መምህር ፊት ለፊት ቢኖር ግን «ይህን ተወው፣ የእኔ ድካም ነው» ይለው ነበር።

«የቀለም ትምህርት አይማሩም»

ይህ ያለፈ ታሪክ ነው። በዋናው ቻይና የተለመደው ከአንደኛ ደረጃ በኋላ የሚጀምር፣ ከመደበኛው ትምህርት ጋር የተጣመረ የ6 ዓመት ሥልጠና ነው፤ በታይዋን ደግሞ ልጆች ከ5ኛ ክፍል ይገባሉ። ቢሆንም ለሒሳብና ለቋንቋ የሚቀረው ሰዓት ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ያንሳል፣ መንገድ መለወጥ ለሚፈልግም ይከብዳል። ወላጆች የሚያነሡት ይህ ስጋት ተገቢ ነው።

«ኮከብ ያልሆነ ተመራቂ ወድቋል»

በመድረክ ላይ አራት ባንዲራ ያዦች አንድ ሙሉ ሠራዊት ናቸው። ከተመራቂዎች ብዙዎቹ ሥራ የሚጀምሩት እዚያ ነው፤ አንዱ እርምጃ ቢስት የጦሩ አሰላለፍ ስለሚፈርስ ይህም ራሱን የቻለ ትምህርት አለው። የፍልሚያ ሚና የሚጫወቱት ጉልበታቸውና ቁርጭምጭሚታቸው ቶሎ ስለሚደክም ከሌሎቹ ቀድመው ከመድረክ ይወርዳሉ፤ ትምህርቱ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ስለሆነም ትምህርት ቤቶቹ ይፈልጓቸዋል። የቼንግ መምህር የነበሩት ዋንግ ያዎቺንግ ራሳቸው በጎልማሳነታቸው ድምፃቸውን አጥተው ወደ ማስተማር ያዘነበሉ ሰው ናቸው። አራቱም ታላላቅ ተዋንያን ከእሳቸው ተምረዋል፤ በ1950 በቤጂንግ የተቋቋመውን የመንግሥት የኦፔራ ትምህርት ቤትም ከ1951 ጀምሮ በርእሰ መምህርነት መርተዋል።