ኢአርፒ ምንድን ነው?

ኦሲዲ (OCD) ለሚባለው የአእምሮ ሕመም ከሚሰጡት የሥነ ልቦና ሕክምናዎች ብዙ ጥናት የተደረገበትና ውጤቱ የታየው ኢአርፒ (ERP) ነው። በአማርኛ "መጋፈጥና ምላሹን መተው" ልንለው እንችላለን። ስሙ ትንሽ ያስፈራል። እውነቱን ለመናገር ሥራውም ያስፈራል።

መጀመሪያ ስለ ኦሲዲ። ሰው ሳይፈልገው የሚመጣ አስጨናቂ ሐሳብ አለ፤ ያንን ጭንቀት ለማብረድ ተደጋግሞ የሚደረግ ነገር ደግሞ አለ። እጅ መታጠብ፣ ቁልፍ ማየት፣ ጸሎቱን "በትክክል አልደረስኩትም" ብሎ ከሀ መጀመር። አንዳንዱ በልብ ብቻ ስለሚደረግ አብሮት የሚኖር ሰው እንኳ ላያውቅ ይችላል። በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ከበላ ወይም ሥራና ኑሮን ካወከ፣ "ጽዳት ትወዳለች" ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ክፋቱ፣ ድርጊቱ ይሠራል። ቡታጋዙን ተመልሳ ያየች ሴት እፎይ ትላለች፤ ለአምስት ደቂቃ። አእምሮዋ ግን "ቤቱ ያልተቃጠለው ስላየሁት ነው" ብሎ ይይዛል። ነገ ሁለቴ ታያለች።

ኢአርፒ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡን ለማባረር አይሞክርም፤ ድርጊቱን ያስቀራል። ከባለሙያው ጋር የሚያስፈሩት ነገሮች ከቀላሉ እስከ ከባዱ ይደረደራሉ። ከዚያ ቡታጋዙን አንዴ አጥፍቶ መውጣት። መመለስ የለም። በስልክ ፎቶ አንስቶ ታክሲ ውስጥ እያዩ መሄድም የለም፤ ይሄኛው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ጭንቀቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ከዚያ ብዙ ጊዜ ምንም ሳያደርጉለት ይበርዳል። ባይበርድም ሰው መሸከም እንደሚችል ያያል።

መነሻው ለንደን ነው። ቪክቶር ሜየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1966 (እ.ኤ.አ.) የሁለት ታካሚዎቹን ታሪክ አሳተመ። አንዷ ስትታጠብ የምትውል ነበረች፤ ነርሶች እየጠበቋት የክፍሏ ውኃ ሁሉ ተዘጋ። ዛሬ እንዲያ በግድ አይደረግም። ታካሚው ራሱ እሺ ካላለ ሕክምናው አይሄድም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቤተሰብ ላይ ነው። "እማዬ፣ በሩን ዘግቼዋለሁ አይደል?" "አዎ ልጄ፣ ዘግተሻል።" ፍቅር ነው፤ ግን ያችም መልስ እንደ መታጠቡ ናት፣ ኦሲዲውን ትቀልበዋለች። ባለሙያው እናትየውን "ይሄ የኦሲዲ ጥያቄ ነው፤ አልመልስም፣ ግን አብሬሽ እቀመጣለሁ" እንድትል ያለማምዳታል። የእናት አንጀት ይህን እንዴት ይችላል? ቀስ በቀስ፣ ልጅቷም ተስማምታበት።

እምነት ያለው ሰው "ኃጢአት ሊያሠሩኝ ነው?" ብሎ ይሰጋል። አይደለም። ጸሎቱን እንደ ማንኛውም ምእመን አንዴ ደርሶ መነሳት ነው። የንስሐ አባቱ ነገሩ ገብቷቸው ከባለሙያው ጋር ቢነጋገሩ ደግሞ ግማሹ መንገድ ቀለለ።

አንዳንዱ መድኃኒትም ያስፈልገዋል፤ እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉት። ለውጡን ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራልኝም" ብሎ መጣል አያዋጣም። ጸጉር መንቀልና ቆዳ መላጥ የኦሲዲ ዘመዶች ናቸው፤ ዋናው ሕክምናቸው ግን ሌላ ነው፤ እጅ ወደ ጸጉር ሲሄድ አውቆ በሌላ እንቅስቃሴ መተካትን ያሠለጥናል።

ባለሙያ ስትፈልጉ "ኦሲዲ ታክማላችሁ?" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። "ኢአርፒ ትሠራላችሁ? እንዴት?" በሉ። በየሳምንቱ እያጽናና "አይዞህ፣ ምንም አይመጣም" ብቻ የሚል ከሆነ፣ ሳያውቀው የእማዬን ሥራ እየሠራ ነው፤ ያውም በክፍያ።