መኪናን በፎቶ ላይ እንደ አዲስ መቅረጽ፤ ከወሎ መንገዶች ሲታይ

መኪናን በፎቶ ላይ እንደ አዲስ መቅረጽ ማለት፣ የአንድን እውነተኛ መኪና ፎቶ ይዞ፣ ላሜራው ሳይቆረጥና ቀለሙ ሳይነካ፣ ሌላ መልክ ቢሰጠው ምን እንደሚመስል በምስል ማውጣት ነው። ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ቸርኬው ይቀየራል፣ ፓራፋንጎው ይሰፋል፤ ባለ አራት በሩ ዲኤክስ ኮሮላ ባለ ሁለት በር ይሆናል፣ ወይም ከኋላው ተቆርጦ ፒክአፕ ይወጣዋል። መነሻው ፎቶ ስለሆነ ከመኪና ሥዕል ይለያል። የአካሉን ቅርጽ ስለሚነካ ደግሞ ፎቶ ቤት ከሚሠራው የማጥራትና የማሳመር ሥራ ይለያል። በየትኛውም ሶፍትዌር ይሠራ፣ በሰው አፍ ያው «ፎቶሾፕ» ነው።

ወሎ ላይ መኪናን ፋብሪካው በሰጠው መልክ አለመተው የቆየ ነገር ነው። ከከተማ ከተማ ሰው የሚያመላልሰውን «ቅጥቅጥ» አውቶቡስ ማየት ይበቃል። ሻንሲውና ሞተሩ የኢሱዙ የጭነት መኪና ነው፤ አካሉን ግን አገር ቤት ያለ ባትላሜራ በመዶሻ ያወጣው ነው፤ ስሙም ይህንኑ ይናገራል። የደሴና የኮምቦልቻ ባጃጆችም ከሕንድ ሲመጡ አንድ ዓይነት ናቸው፤ መጋረጃ፣ ስቲከርና ከኋላ የሚጻፍ ጥቅስ ሲጨመርባቸው ግን እያንዳንዳቸው ባለቤታቸውን ይመስላሉ። የፎቶው ሥራ ከዚህ ልማድ ጋር የሚገጥመው በቀላል ምክንያት ነው፤ የተቆረጠ ላሜራ አይመለስም፣ የተቆረጠ ምስል ግን ይመለሳል። ሙሉ ቀለም ለማስቀባት ወይም ፓራፋንጎ ለማስፋት ብሩን ከመቁጠር በፊት ውጤቱን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

መሣሪያው ከየት መጣ

መኪናን ከብረት በፊት በሌላ ነገር ማየት ከኮምፒውተር በፊት የነበረ አሠራር ነው። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1927 በሃርሊ ኧርል የሚመራ የቅርጽ ክፍል ሲያቋቁም፣ ዲዛይኑ በወረቀት ይሳላል፣ ከዚያ በሚለሰልስ ጭቃ ይቀረጻል፣ ብረቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነበር።

ብዙዎች ሳያውቁት የሚሠሩበት አንድ ነገር ደግሞ አለ። መኪናን ከፎቶ ላይ ለይቶ ለማውጣት የሚያገለግለው ፔን ቱል የሚስለው ጥምዝ መስመር «ቤዚየር» ይባላል። ስያሜው የፈረንሳዩ ሬኖ መሐንዲስ ከነበረው ከፒየር ቤዚየር የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የመኪና አካል ጥምዞችን በኮምፒውተር ለመግለጽ ይጠቀምበት ነበር። በሲትሮየን ይሠራ የነበረው ፖል ደ ካስተልዦም በ1959 ወደዚያው ሒሳብ ደርሶ ነበር። ዛሬ አንድ ወጣት ደሴ ላይ ተቀምጦ የዲኤክስ ኮፋኖ ላይ ነጥብ እየጣለ ጥምዙን ሲስብ፣ በእጁ የያዘው ለመኪና አካል ተብሎ የተፈጠረ ሒሳብ ነው። ፔን ቱል ለኮፋኖና ለፓራፋንጎ ጥምዝ ይህን ያህል የሚመቸውም ለዚህ ነው።

ፎቶሾፕን ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ወንድማማቾች ጀመሩት፤ አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1990 ለማኪንቶሽ ብቻ አውጥቶ ገበያ ላይ አዋለው። ለመኪና ሥራ ወሳኙ ዓመት ግን 1994 ነው፤ በሦስተኛው እትም ሌየር ገባ። ከዚያ በፊት ፎቶ ላይ የተለጠፈ ቸርኬ ከፎቶው ጋር አንድ ይሆንና መልሶ ማንቀሳቀስ አይቻልም ነበር። ሌየር ሲመጣ ቸርኬው፣ መስታወቱ፣ አካሉና ጥላው እንደ ተደራረበ መስታወት ለየብቻ ተቀመጡ።

ዛሬ በኮምፒውተር ለሚሠራ ጊምፕ በነፃ ይገኛል፤ ፎቶፒ ደግሞ ሳይጫን በብራውዘር ይከፈታል፣ የፎቶሾፕ ፋይልም ያነባል። በስልክ ፒክስአርትና ስናፕሲድ አሉ። ስልክ ለቀለምና ለብርሃን ይበቃል፤ ለአካል ቅርጽ ግን ጣት ወፍራም ነው፣ ማውስ ያስፈልጋል። መብራት በድንገት በሚሄድበት ቦታ የሁለት ሰዓት ሥራ በአንድ ቅጽበት ይጠፋልና፣ በየአሥር ደቂቃው ሴቭ ማድረግ እንደ ልማድ መያዝ አለበት።

ብርሃንና ጥላ

አንድ ሥራ እውነት መምሰሉና አለመምሰሉ ከቀለሙም ከቸርኬውም በፊት በጥላው ይለያል። ጥላው ከመሬቱ ጋር ካልተስማማ መኪናው የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ወሎ ላይ ጥላ የራሱ ጠባይ አለው። ደሴና ኮምቦልቻ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ግድም ላይ ስለሆኑ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ከፍ ብላ ትታያለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ግድም ደግሞ ትክክል አናት ላይ ትቆማለች። በዚያ ሰሞን በስድስት ሰዓት የተነሳ መኪና ጥላው ከሆዱ ሥር ይሰበሰባል፣ ወደ ጎን የሚወጣ የለም። አውሮፓ ውስጥ በክረምት የተነሳ መኪና ረጅም የጎን ጥላውን እንደያዘ ተቆርጦ የደሴ ፒያሳ ላይ ሲለጠፍ፣ የአገሩ ሰው ምክንያቱን ባይናገርም የሆነ ነገር እንዳልገጠመ ወዲያው ይሰማዋል።

ደሴ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ክረምት ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ከተማዋን ሲሸፍናት ብዙ ሰው ካሜራውን ይዘጋል። ለመኪና ፎቶ ግን ጉም በረከት ነው። ብርሃኑን በትኖ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚያመጣው፣ የመኪናው አካል ላይ የሚያስቸግር ነጸብራቅ አይኖርም፤ ጥላውም ለስላሳ ስለሚሆን እንደገና ለመሥራት ይቀላል። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ታች ተወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ በቀትር የተነሳ ነጭ መኪና ኮፋኖው በፀሐይ ተቃጥሎ ወረቀት ይመስላል፤ ፍጹም ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ላይ ደግሞ ሶፍትዌሩ የሚያወጣው አንዳች ዝርዝር የለም። ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ወይም ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ማንሳት ነው መፍትሔው።

አነሳሱም ዋጋ አለው። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ፣ ቀርበው ሲያነሱበት የመኪናው አፍንጫ ያብጣል፣ ጭራው ይቀጥናል። ወደ ኋላ ርቆ፣ ሁለት እጥፍ ዙም አድርጎ፣ ካሜራውን ወገብ ላይ ዝቅ አድርጎ ማንሳት መጠኑን ይጠብቃል። የደሴ መንገድ ደግሞ አብዛኛው ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ መኪናው ሲያዘነብል ከኋላው ያለው የቤት ግድግዳ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሜዳ ላይ የተነሳ መኪና እዚህ ሲገባ አብሮ ማዘንበል አለበት።

አንዱን ሥራ ቀርቦ ማየት

ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ በጉም ውስጥ ተነስቶ፣ ጥቁር ቀይ እንዲሆንና ዝቅ እንዲል ተፈለገ እንበል። መጀመሪያ አካሉ፣ መስታወቱ፣ አራቱ ጎማዎችና ጥላው በፔን ቱል ተለይተው በየሌየራቸው ይቀመጣሉ። ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፤ ስፖኪዮው ሥር ያለችው ቀጭን ክፍተት እንኳ መዘለል የለባትም።

ቀጥሎ ቀለሙ። ሰማያዊን ወደ ቀይ መቀየር የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነጭን ወደ ጥቁር ቀይ መቀየር ግን ከዚያ ይከብዳል። ነጭ አካል በዙሪያው ያለውን ነገር አጉልቶ አያሳይም፤ ጥቁር ቀለም ግን እንደ መስተዋት ሰማዩን፣ መንገዱንና ማዶ ያለውን ሱቅ ይይዛል። ስለዚህ በመልቲፕላይ፣ ማለትም ቀለሙን ከሥሩ ካለው ምስል ጋር በሚያዋህደው ስልት፣ ቀለም መደረብ ብቻውን መኪናውን ጭቃ የተቀባ ያስመስለዋል። በበሩ ወገብ ላይ አግድም የሚሄድ የሰማይ ነጸብራቅ፣ ከበሩ ታች ደግሞ የአስፋልቱ ጥቁር መስመር በእጅ መሣል አለባቸው። ሰው ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው፤ ሥራው የሚያምረውም ከዚህ በኋላ ነው።

ዝቅ ማድረጉ ቀላል ይመስላል። የአካሉ ሌየር ጥቂት ፒክስል ወደ ታች ይወርዳል፤ ጎማዎቹ ባሉበት ይቀራሉ፣ ፓራፋንጎው የጎማውን አናት ይውጣል። ከዚያ ጥላው መጥበብና መጥቆር አለበት፤ ሆዱ ወደ መሬት ሲቀርብ ከሥሩ የሚገባው ብርሃን ይቀንሳልና። ትልቅ ቸርኬ የሚገባ ከሆነ፣ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ሦስት ጎማ ያህል ክፍተት መኖሩን ማየት ይጠቅማል፤ የአብዛኛው የቤት መኪና ምጣኔ ወደዚያ ይቀርባል፣ ከሁለት ተኩል በታች ሲሆን መኪናው መጫወቻ ይመስላል። በማዕዘን የሚታይ ቸርኬ ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑንም መርሳት አይገባም። ከፊት ለፊት የተነሳ ቸርኬ ተጨፍልቆ ሲገባ የውስጠኛው ጥልቀቱ ስለሚጠፋ ሰሐን ይመስላል።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ዝቅ ያለ መኪና በምስል ያምራል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ለሚወጣ ባለቤት ግን ሆዱን የሚያስፈጭ ዲዛይን ዲዛይን አይደለም። ለመዝናናት የሚሠራው ሌላ ነው። ለሰው ታስቦ የሚሠራው መንገዱን ማወቅ አለበት፤ ለዚህ አገር ከፍ ያለ፣ ጎማው ወፍራም፣ ከሥሩ የተጠበቀ መኪና ውበት አለው፤ ያንን ማሳመር የሚችል እጅ ነው የሚያስፈልገን።

ፊደልና አዲሱ ዘዴ

ባጃጅ ላይ ጥቅስ ሲጻፍ የግዕዝ ፊደሉ ከአካሉ ጥምዝ ጋር መታጠፍ አለበት፤ ምስልን በሚያጣምመው መሣሪያ፣ በዋርፕ ይሠራል። ፊደሉ ላይ ቀጭን ጥላና የአካሉ ነጸብራቅ ካላለፈበት ከላዩ የተጣለ ይመስላል። ከ2023 ወዲህ ፎቶሾፕ ውስጥ የገባው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ ምስል የሚያመነጨው ዘዴ ዳራ ለመሙላት ብዙ ድካም ይቀንሳል። የአማርኛ ጽሑፍ ሲታዘዝ ግን ብዙ ጊዜ ፊደል የሚመስል፣ የማይነበብ ጭረት ያወጣል፤ የታርጋ ቁጥርንም ሊያበላሽ ይችላል። ጥቅሱን ሰው ቢጽፈው ይሻላል።

ከምስል ወደ ጋራዥ

ይህ ሙያ መታመን የሚገባው በምስሉ ማንንም እስካላሳሳተ ነው። የተጨረመተ ፓራፋንጎን፣ የፎቶን አንድ ቦታ ገልብጦ ሌላ ቦታ በሚለጥፈው ክሎን ስታምፕ አቃንቶ መኪናውን ለሽያጭ ማቅረብ ማታለል ነው፤ ዲዛይን ብሎ መጥራት ነውር ነው። ምስሉ ላይ «ዲዛይን ነው» ብሎ መጻፍ፣ የሰው መኪና ከሆነም ታርጋውን መሸፈን ተገቢ ነው። የሌላ ሰው ፎቶ ሲወሰድም ፈቃዱን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ፎቶግራፍ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ ካላቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ምስሉ ታትሞ ጋራዥ ሲደርስ ባትላሜራው መጀመሪያ የሚፈልገው ልክ ነው። በማዕዘን የተነሳ አንድ ፎቶ ልክ አይሰጠውም፤ ከጎን፣ ከፊትና ከኋላ ቀጥ ብለው የተነሱ፣ በሦስቱም ላይ ያው ለውጥ የተሠራባቸው ምስሎች ያስፈልጉታል። የ12 ሜጋ ፒክስል ስልክ ፎቶ፣ 4,000 በ3,000 ፒክስል የሆነው፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይታተማል፤ ለግድግዳ ይበቃል። ቸርኬው ስንት ኢንች እንደሆነ ከጎን ፎቶው ጥግ ላይ ቢጻፍለት፣ ከዚያ ተነስቶ የቀረውን በሜትር ያወጣዋል። ባለቤቱ ደግሞ ቀለሙ ከመቀባቱ በፊት ሊብሬውን ይክፈት፤ የመኪናው ቀለም እዚያ ተጽፏል፣ ከተቀየረም ሊብሬው ላይ መስተካከል አለበት።