«ሥልጠና ወስደዋል» ማለት አይበቃም፦ ስለ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት ባለሙያዎች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት ክፍል ረጅም ዓመት ሠርቻለሁ። በጀት በተደለደለ፣ ዕቅድ በተገመገመ ቁጥር ስለ ክፍሉ ባለሙያዎችና ስለ ሥልጠናቸው የሚባለው ያው ነው፤ መስማቱ ሰልችቶኛል።

«የሰው ሀብት ሥራ የትም አንድ ነው።» አይደለም። መምህር ማዕረግ የሚያገኘው በሙያ አጋሮቹ ተመዝኖ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ዛሬ አለቃ ነው፣ የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ ወደ ማስተማሩ ይመለሳል። በምርምር ገንዘብ የተቀጠረው ሰው ገንዘቡ ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ከባንክ የመጣ ጎበዝ ባለሙያ እንኳ ይህን የሚያስረዳው ሰው ይፈልጋል።

«ሌላውን የሚያሠለጥኑት እነሱ አይደሉም እንዴ? ምን ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል?» ለሌላው ሥልጠና አዳራሽ መያዝና ተሳታፊ መመዝገብ መማር አይደለም።

«ኦንላይን ኮርስ ይበቃል።» አዲስ ሶፍትዌር ለመልመድ ይረዳል፤ የተቆጣ ሰው ፊት ተቀምጦ ቅሬታ መስማት ግን በቪዲዮ አይለመድም።

«ሥልጠና ወስደዋል፤ አቅማቸው ተገንብቷል።» የሚያናድደኝ ይኼኛው ነው። ዎርክሾፕ ይዘጋጃል፣ የቡድን ፎቶ ይነሳል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል፣ ሪፖርቱ ላይ የሠልጣኝ ቁጥር ይሞላል። አለቀ። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ሥልጠና በአራት ደረጃ እንዲመዘን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጽፏል፦ ሠልጣኙ ወደደው ወይ፣ ዕውቀት ጨበጠ ወይ፣ ሥራው ላይ አሠራሩ ተለወጠ ወይ፣ ተቋሙስ ምን አገኘ። እኛ በመጨረሻው ቀን ቅጽ አስሞልተን አንደኛው ላይ እንቆማለን።

አንዲት ባልደረባዬ የአመራር ክህሎት ሥልጠና ወስዳ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ላይ የጠበቃት የአንድ መምህር የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ማመልከቻ ነበር። አምስት ሰው በጋራ የጻፈው ጽሑፍ ለአመልካቹ እንዴት ይቆጠራል? የውጭ ገምጋሚዎች በምስጢር የላኩት አስተያየትስ የት ይቀመጣል? የወሰደችው ሥልጠና ይህን አይነካም፤ ቢሮ ውስጥም የሚነግራት አልነበረም። ደብዳቤዎቹን ከግል ማህደሩ ጋር አያያዘቻቸው። መምህሩ ማህደሩን ልይ ብሎ ሲጠይቅ የገምጋሚዎቹን ስም ከነፊርማቸው አገኘ። ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ለእሷ ነው። ያንን ሥልጠና የመረጠላትን ማንም አልጠየቀም።

ስለዚህ ሥልጠና ከመግዛታችሁ በፊት ተመላሽ የሆኑ ፋይሎችንና የቀረቡ ቅሬታዎችን አገላብጡ፤ ርዕሱ ከዚያ ይውጣ። አዲሱን ባለሙያ ከነባሩ ጋር አጣምሩ፣ የመጀመሪያዎቹን የማዕረግ ፋይሎች አብረው ይሥሩ። የዕድገት ኮሚቴው ሲሰበሰብ መመሪያው በሚፈቅደው መጠን በታዛቢነት ይቀመጥ። ከሥልጠና የተመለሰውን ሰው ከወር በኋላ ኃላፊው ጠርቶ የቱን ሥራ ላይ እንዳዋለው፣ የቱ እንዳልሠራለት ይጠይቀው። ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች አቻዎቹ ጋርም አገናኙት። የአሜሪካ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የሰው ሀብት ባለሙያዎች ማህበር ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚመልሰው ተመሳሳይ ፋይል በእጁ ያለፈ ሰው ስለሆነ ነው።

«ለምደውታል፣ አይከብዳቸውም።» የስንብት ደብዳቤ የሚያስረክበው፣ የትንኮሳ አቤቱታ የሚሰማው የሰው ሀብት ባለሙያው ነው። የሰማውን ደግሞ ለጓደኛው እንኳ መናገር አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የበሽታዎች ምደባው ውስጥ በሥራ መዛልን በሽታ ባይለውም፣ በአግባቡ ካልተያዘ የቆየ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት ብሎ አካቶታል። ከከባድ ጉዳይ በኋላ ባለሙያው ምስጢር ጠባቂ የሆነ አማካሪ የሚያነጋግርበት ጊዜ ከሥራ ሰዓቱ ላይ ይሰጠው። የሚያዳምጠውም ሰው የሥራ አፈጻጸሙን የሚሞላለት አለቃው መሆን የለበትም።