የፒኤችዲ ተማሪን ዓመታት የሚበሉ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፒኤችዲ የጀመርኩ ሰሞን ጎበዝ ተማሪ ማለት ያላለቀ ሥራውን ለማንም የማያሳይ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደዚያ ኖርኩ። ዛሬ እኔም ተማሪዎች አማክራለሁ። ቢሮዬ የሚመጡት አብዛኞቹ አቅም አንሷቸው አይደለም የተቸገሩት። ከእነሱ ቀድመው ከገቡ ተማሪዎች የሰሙት፣ ሻይ ቤት ሲወራ የወረሱት አመለካከት ነው አስሮ የያዛቸው። ብዙ ጊዜ ሲያባክኑ ያየኋቸውን ልዘርዝር።

«መጀመሪያ አንብቤ ልጨርስ፣ ከዚያ እጽፋለሁ»

ንባብ አያልቅም። አንድ ፔፐር (የምርምር ጽሑፍ) ስትጨርሱ መጨረሻው ላይ ሌሎች አርባ ፔፐሮች ተደርድረው ይጠብቋችኋል። እኔ ላፕቶፔ ላይ «በኋላ የሚነበብ» የሚል ፎልደር ነበረኝ። ከ600 በላይ ፋይል ገብቶበታል። ዳውንሎድ ያደረግኩትን ሁሉ ያነበብኩት ይመስለኝ ነበር። በራሴ ቃል የጻፍኩት ግን አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ሰው ያልገባው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሊጽፈው ሲሞክር ነው። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ይህን ነው። አንድ ፔፐር አንብባችሁ ስትጨርሱ ዝጉት። ከዚያ አምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ጥያቄያቸው ምን ነበር? ዳታው ከየት መጣ? ምን አገኙ? ምኑ አላሳመነኝም? ለእኔ ሥራ ምን ይጠቅማል? በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሚቀናችሁ ቋንቋ ጻፉት። እንግሊዝኛውን ስናሳምር ሐሳቡ የሚጠፋብን ብዙ ነን። አራተኛው ጥያቄ ላይ በደንብ ቆዩ። የራሳችሁ የምርምር ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው እዚያ ነው።

«አድቫይዘሬ ካልጠሩኝ መሄድ ድፍረት ነው»

ይሄኛውን ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

ያደግነው ትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው እየተባልን ነው። ያ አስተዳደግ መልካም ነው፣ አልነቅፈውም። ችግሩ አድቫይዘሩ፣ ማለትም ምርምራችንን የሚያማክረው መምህር፣ ዝምታችንን የሚተረጉመው በሌላ መንገድ መሆኑ ነው። እሳቸው ክፍል ያስተምራሉ፣ ፈተና ያርማሉ፣ ኮሚቴ ይሰበሰባሉ፣ ሌሎች ተማሪዎችም አሏቸው። እናንተ ዝም ስትሉ «ሥራው እየሄደለት ነው» ብለው ወደ ሌላው ይዞራሉ። ወይም ደግሞ «ይሄ ልጅ ትቶታል» ይላሉ።

እኔ ዳታ ሰብስቤ ከተመለስኩ በኋላ አንዱ መጠይቅ ላይ ስህተት አገኘሁ። አንድ ጥያቄ በሁለት ወረዳ በተለያየ መንገድ ነበር የተጠየቀው። ደነገጥኩ። ለሁለት ወር ያህል አድቫይዘሬን በኮሪደር ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ሄጄ ስነግራቸው ወረቀቱን ተቀብለው ትንሽ አዩትና «ሁለቱን ወረዳ ለየብቻ ተንትናቸው፣ ልዩነቱንም በግልጽ ጻፈው» አሉኝ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው በእኔ ላይ ደረሰ።

አሁን ተማሪዎቼን በየሁለት ሳምንቱ አንድ አጭር መልእክት እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። ሦስት መስመር ይበቃል፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት የምዕራፍ ሁለትን የመጀመሪያ ረቂቅ ጽፌያለሁ። የቆምኩት የናሙና አመራረጡ ላይ ነው። እርስዎ እንዲወስኑልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ሦስተኛውን ወረዳ ልጨምር ወይስ በሁለቱ ልቀጥል?»

መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ እዩአት። በአዎ ወይም በአይ፣ በዚህ ወይም በዚያ ትመለሳለች። ሥራ የበዛበት ሰው ታክሲ ሲጠብቅ እንኳ ሊመልሳት ይችላል። «እባክዎ አስተያየት ይስጡኝ» ተብሎ የተላከ 80 ገጽ ግን ሳምንታት ይተኛል።

በእርግጥ ይህን ሁሉ አድርጋችሁም መልስ የማይሰጥ አድቫይዘር ሊገጥማችሁ ይችላል። ዓመት ሙሉ ደጅ የሚያስጠና አለ። ያኔ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የላካችሁትን መልእክት ከነቀኑ አስቀምጡ። ኮ-አድቫይዘር ካላችሁ እሱን ጠይቁ። ከዚያ የትምህርት ክፍላችሁን የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ በጽሑፍ አነጋግሩ። የዩኒቨርሲቲያችሁን መመሪያም አንብቡት፤ አድቫይዘር የሚቀየርበት አሠራር ያላቸው ተቋማት ብዙ ናቸው። ተማሪው ስለማያነበው ብቻ የሌለ ይመስላል።

«ሪጀክት የተደረገ ፔፐር አበቃለት»

የፊዚክስ ሊቁ ፒተር ሂግስ በ1964 እ.ኤ.አ. አንድ አጭር ፔፐር ጽፎ ፊዚክስ ሌተርስ ለተባለው ጆርናል ላከ። አልተቀበሉትም። ፔፐሩ ላይ ጥቂት ሐሳብ ጨመረበት፤ ንድፈ ሐሳቡ አዲስ ቅንጣት መኖሩን እንደሚጠቁም የሚያመለክት ነበር። ከዚያ ፊዚካል ሪቪው ሌተርስ ወደሚባለው ሌላ ጆርናል ላከው፣ በዚያው ዓመት ወጣ። ዛሬ ሂግስ ቦዞን የምትባለው ይህች ቅንጣት በ2012 እ.ኤ.አ. ተገኘች። በቀጣዩ ዓመት ከፍራንስዋ ኢንግለርት ጋር ኖቤል ተሸለመ። ከሁሉ ልቤን የነካው የሽልማቱ ነገር አይደለም። የሰውየውን ስም ይዞ የቀረው ሐሳብ በግልጽ የተጻፈው ፔፐሩ ከተመለሰ በኋላ መሆኑ ነው።

የሪቪወር (የፔፐሩ ገምጋሚ) አስተያየት ሲመጣ በዚያው ቀን አትመልሱ፤ አንድ ሌሊት ይደር። በማግስቱ አስተያየቶቹን አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥታችሁ ከሥራቸው መልሳችሁን ጻፉ። «የናሙናው ብዛት ለምን 120 ሆነ?» ካለ፣ «ስሌቱን ገጽ 7 ላይ ጨምረናል» በሉና የጨመራችሁትን ዓረፍተ ነገር እዚያው ቅዱለት። ሪቪወሩ ተሳስቷል ብላችሁ ካመናችሁም ሁሉን እሺ ማለት የለባችሁም። አመስግናችሁ፣ ማስረጃ አቅርባችሁ፣ ለምን እንዳልቀየራችሁት አስረዱ። ኤዲተሩ ሁለታችሁንም ያነባል።

«ዋናው ቁጥሩ ነው፣ ቶሎ የሚያትመው ጆርናል ይሻላል»

ዕድገት በፔፐር ብዛት ሲቆጠር ይህ አመለካከት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ዋጋው ከባድ ነው። «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ የሚጀምር፣ በአምስት ቀን አትማለሁ የሚል ኢሜይል ሁላችንም ይደርሰናል። አብዛኛው ገንዘብ ተቀብሎ ያለ ግምገማ የሚያትም ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የዴንቨሩ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል እንዲህ ዓይነት አሳታሚዎችን ለዓመታት ሲዘረዝር ቆይቶ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ዝርዝሩን ከድረ ገጹ አወረደው። ከዚያ ወዲህ ራሳችሁ ማጣራት ግድ ነው።

የማጣራው እንዲህ ነው። ጆርናሉ ስኮፐስ በሚባለው የጆርናሎች የመረጃ ቋት ውስጥ አለሁ ካለ፣ የለጠፈውን ሎጎ አላምንም፤ ራሱ ስኮፐስ ላይ ገብቼ ስሙንና አይኤስኤስኤን የሚባለውን የጆርናሉን መለያ ቁጥር እፈልጋለሁ። የእውነተኛ ጆርናል ስም ሰርቀው ሌላ ድረ ገጽ የሚከፍቱም አሉ። ቀጥሎ ከኤዲተሮቹ ሁለቱን መርጬ የዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ ኤዲተርነታቸውን ጠቅሰው እንደሆነ አያለሁ። ከዚያ በቅርቡ ያተሙትን ሦስት ፔፐር አነባለሁ። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን ነው።

አንድ ተማሪ ጥሩ ዳታ ይዞ፣ ተቸኩሎ፣ እንዲህ ያለ ቦታ አሳተመው። ስህተቱ ሲገባው አውርዱልኝ አላቸው። ለማውረድም ክፍያ ጠየቁት። የታተመ ሥራ ደግሞ እንደ አዲስ ሌላ ቦታ አይላክም። የሦስት ዓመት ልፋት እንደዚያ ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

ስለ ክፍያም ልጨምር። ትክክለኛ ጆርናሎችም የማሳተሚያ ክፍያ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ክፍያ ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይሆንም። ብዙዎቹ ግን ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚልኩ ጸሐፊዎች ክፍያውን ይቀንሳሉ ወይም ጭራሽ ያነሳሉ። ፔፐሩን ከመላካችሁ በፊት ገጻቸው ላይ ፈልጉት፣ ካጣችሁት ጠይቁ። ተቀባይነት ካገኘ በኋላ መጠየቅ አንዳንዴ ይረፍዳል።

«ኢምፓክት ፋክተሩ ከፍ ካለ ሥራው ጥሩ ነው»

ኢምፓክት ፋክተር አንድ ጆርናል ያተማቸው ሥራዎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳይ ቁጥር ነው። የሚለካው ጆርናሉን እንጂ እናንተን አይደለም። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተጠነሰሰው ዶራ የሚባለው መግለጫም ይህን ቁጥር ለተመራማሪ መመዘኛ አታድርጉት ይላል። ችግራችሁን የሚያውቁ ሰዎች የሚያነቡት ጆርናል የትኛው ነው ብላችሁ ጀምሩ።

«ፔፐር ለማንበብ ዶላር ያስፈልጋል»

ኢትዮጵያ ያሉ ተቋማት ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ፕሮግራም በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ጆርናሎችን በነፃ ማግኘት ይችላሉ። በጤናው ዘርፍ ያለው ሂናሪ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የይለፍ ቃሉን ቤተ መጻሕፍታችሁ ጠይቁ። ካልሆነም ለጸሐፊው በኢሜይል ጻፉ። ሥራውን አንብቦ የሚጠይቀው ሰው ሲገኝ ደስ የማይለው ተመራማሪ ብዙ አላየሁም።

«ትልቅ ጥያቄ የሚመጣው ከውጭ ነው»

በ1964 እ.ኤ.አ. አክሊሉ ለማ የተባለ ወጣት ተመራማሪ ቢልሃርዚያን ሊያጠና አድዋ ሄደ። ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ከእነሱ በታች፣ አረፋው በሚወርድበት በኩል፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በእነዚህ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ነው። በእንዶድ ልብስ ሲታጠብ ከዚያ በፊት ስንቱ ተመልክቶታል! እሱ ግን ቆሞ ለምን አለ። በዚህ ሥራ በ1989 እ.ኤ.አ. ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንድ የምርምር ኢንስቲትዩት በስሙ ይጠራል።

ፕሮፖዛላችሁን ስትጽፉ ፈንድ የሚሰጠው ድርጅት የሚወደውን ቃል ከመደርደር በፊት እናታችሁ ጓሮ፣ ሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ፣ ያስተማራችሁበት ክፍል ውስጥ ያልገባችሁን ነገር ፈልጉ። እናንተ የምታዩትን ሌላ አገር ያለ ሰው አያየውም።

«ዶክተር የሆነ ሰው ቦታው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው»

የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት አለ፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ፣ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት አለ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ግቢ አለ። እዚያ ሲቀጥሩ የሚጠይቁት እኛ ከምንጠብቀው ሊለይ ይችላል። አንዲት ተማሪዬ ለአንድ የምርምር ተቋም ቃለ መጠይቅ ስትዘጋጅ የታተሙ ሥራዎቿን በቃሏ እስክታውቅ አጥንታ ሄደች። መጀመሪያ የጠየቋት ግን ሲቪዋ ላይ በአንድ መስመር ስለጠቀሰችው ነገር ነበር። መብራት ለሁለት ቀን ሲጠፋ ፍሪዘር ውስጥ የነበሩትን ናሙናዎች እንዴት እንዳተረፈቻቸው ንገሪን አሏት። ጎረቤት ካለ ሆስፒታል በረዶ ለምና፣ ናሙናዎቹን በአስፈላጊነታቸው ለይታ፣ ሌሊቱን የሙቀት መጠኑን በየሰዓቱ እየመዘገበች ነበር ያደረችው። ያንን መዝገብ ይዛው ሄዳ ነበር፤ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችላቸው።